ኮምፒውተሩ አላውቅሽም ያለኝ ቀን

እስኪ ቁጭ ብላችሁ አንብቡኝ። ዛሬ የደረሰብኝ ቆሞ የሚነበብ ጉድ አይደለም።

ለማታውቁኝ፣ ወይንሸት እባላለሁ። ሚዛን ተፈሪ ውስጥ በአንድ ቡና ላኪ ድርጅት ቅርንጫፍ የምሠራ ጸሐፊ ነኝ። ጸሐፊ ይበሉኝ እንጂ ስልክ የማነሳው፣ እንግዳ የማስተናግደው፣ ጄኔሬተሩ ሲጠፋ የምጮኸው ሁሉ እኔ ነኝ።

ዋናው ሥራዬ ግን አንድ ነው። ከሸኮና ከሸይ ቤንች ወረዳዎች የመጣው ቡና መኪና ላይ ሲጫን፣ የጭነቱን ዝርዝር አዲስ አበባ ላለው ዋና መሥሪያ ቤት በኢሜይል እልካለሁ። "ይውጣ" የሚል መልስ ይመጣልኛል። ያኔ የግቢው በር ይከፈታል።

ያለ እኔ ኢሜይል ከዚያ ግቢ አንድ ጆንያ ወጥቶ አያውቅም። በዚህ ኩራተኛ ነበርኩ። አዎ፣ በኢሜይል የሚኮራ ሰው አለ! ተዉኝ።

ዛሬ ጠዋት ቢሮ ስገባ መኪናው ተጭኖ፣ ሸራው ተወጥሮ፣ ግቢው መሃል ቆሟል። ሾፌሩ ሸምሱ ጎማውን በእግሩ እየመታ ይፈትሻል።

"እህት ወይንሸት፣ ዛሬ ቶሎ በይልኝ። ሰማዩን እይው፣ ቦንጋ ሳልደርስ ሊወርድብኝ ነው" አለኝ።

"አንድ ሻይ እስክትጠጣ" አልኩት።

አንድ ሻይ!

ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። የኢሜይል ፕሮግራሙን ተጫንኩ። አንዲት ትንሽ ሳጥን ስክሪኑ መሃል ብቅ አለች።

ፓስወርድ አስገቢ ትላለች።

እንዴ! "ፓስወርዴን አስታውስ" የምትለዋ ላይ ምልክት ካደረግኩ እኮ ዓመታት አልፈዋል። ስንት ዘመን አብረን ሠርተን ዛሬ ምን ነካሽ?

አስገባሁ። ሳጥኗ ጠፋች። ተመስገን አልኩ።

ሳጥኗ ተመለሰች።

እንደገና አስገባሁ። ጠፋች። ተመለሰች። ቀስ ብዬ፣ በአንድ ጣት፣ ፊደል በፊደል አስገባሁ። ጠፋች። ወንበሬ ላይ ደገፍ አልኩ። ተመለሰች።

የቤት ሠራተኛ ደጅ ላይ ቆማ "ማን ልበል?" ስትል ታውቃላችሁ? ስማችሁን ትነግሯታላችሁ፣ ገብታ ትመጣለች፣ እንደገና "ማን ልበል?" ትላለች። ልክ እንደዚያ ነው።

ካፕስ ሎክ ይሆናል ብዬ አየሁ። አይደለም።

ትናንት የዕድር ጥሪ በአማርኛ ስጽፍ ነበርና ኪቦርዱ በአማርኛ ቀርቶ ይሆናል አልኩ። ፓስወርድ እንደሆነ ጥቁር ነጠብጣብ ብቻ ነው የሚያሳየው። ሀ ይጻፍ፣ ለ ይጻፍ ማን ያውቃል? ስለዚህ ብልጥ ነኝ ብዬ ባዶ ወረቀት ከፈትኩና ፓስወርዴን በትልልቁ ጻፍኩት። በእንግሊዝኛው ነው። ትክክል ነው።

ሸምሱ በዚያው ቅጽበት ሻዩን ይዞ ገባ። ስክሪኑን አይቶ ጮክ ብሎ አነበበልኝ።

"ሰለሞን... ማነው ሰለሞን?"

(ባለቤቴ፣ ይህን የምታነብ ከሆነ ሰለሞን ንጉሡ ነው። ሌላ አትጠርጥር።)

በቃ፣ ባለሙያ ያስፈልጋል አልኩና አዲስ አበባ ናሆም ጋ ደወልኩ። ናሆም የዋናው መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ሰው ነው። ልጅ ነው፣ ቀልደኛ ነው፣ በአካል አግኝቼው ባላውቅም በስልክ ብቻ እንደ ታናሽ ወንድም ሆነናል። እናቱ ስትታመም ከሠፈራችን ማር ልኬለታለሁ።

"ናሆምዬ፣ ይሄ ኢሜይል ፓስወርድ እየደጋገመ ይጠይቀኛል። እሰጠዋለሁ፣ አይጠግብም።"

"ናሆም? ትሰማኛለህ?"

"አለሁ፣ አለሁ። እ... እስኪ ሪስታርት አድርጊው።"

ሪስታርት አደረግኩት። የኛ ኮምፒውተር ተዘግቶ እስኪነሳ ማሳ ታርሶ ይዘራል። ተነሳ። ሳጥኗም አብራ ተነሳች።

"ሰዓትና ቀኑ ትክክል ነው?" አለኝ።

አየሁት። የውስጡ ባትሪ ስለሞተ ቀኑ ወደ ኋላ ሄዷል። ኮምፒውተሩ ያለው ገና እኔ ያልተቀጠርኩበት ዓመት ላይ ነው! ለዚህ ነው የማያውቀኝ ብዬ ብቻዬን ሳቅኩ። ለናሆምም ነገርኩት። ናሆም አልሳቀም። ናሆም እኮ በምንም የሚስቅ ልጅ ነው።

እዚህ ላይ መንቃት ነበረብኝ። አልነቃሁም።

ቀኑን አስተካከልኩ። ተመለሰች።

"የተቀመጠውን የድሮ ፓስወርድ አጥፊው" አለኝ። ኮንትሮል ፓነል የሚሉት ውስጥ ገብቼ፣ እሱ በስልክ እየመራኝ፣ አጠፋሁት። ተመለሰች።

ውጭ ሸምሱ ክላክስ ነፋ። በመስኮት እጄን አወዛወዝኩለት፤ ቆይ፣ ደርሻለሁ።

ከዚያ ናሆም ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እንግዲህ አካውንቱን ራሱን ከፕሮግራሙ ላይ ሙሉ በሙሉ አጥፍተሽ እንደ አዲስ ማስገባት ነው ያለው" አለኝ።

"ደብዳቤዎቼስ?"

"እሱ... ስትመልሺው ይመለሳሉ።"

ዲሊት የሚለውን ተጫንኩ። እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የስ አልኩ። ከኮምፒውተሩም ይጥፋ ወይ አለኝ። ናሆም "የስ በይው" አለኝ። የስ አልኩ።

ስክሪኑ ነጣ።

ያ ሁሉ ዓመት የተላላክሁት፣ "ይውጣ" የተባልኩበት ሁሉ፣ አንድ የውጭ አገር ገዢ "ስለ ቅልጥፍናሽ እናመሰግናለን" ብሎ በስሜ የጻፈልኝ፣ አባቴ የሞተ ጊዜ ከዋናው መሥሪያ ቤት የላኩልኝ ማጽናኛ፣ ሁሉም እልም አለ።

"እሺ፣ ጠፋ" አልኩት። "አሁን እንዴት ነው የማስገባው?"

"ጠፋ? ሙሉ በሙሉ?"

"አዎ፣ ባዶ ነው።"

በረጅሙ ተነፈሰ። "እሺ ወይኒዬ። ቆይ መልሼ ልደውልልሽ" አለና ዘጋው።

አልደወለም። እኔ ደወልኩ፤ ስልኩ ጠፍቷል። ራሴ ላስገባው ሞከርኩ። አድራሻዬን ጻፍኩ፣ ፓስወርዴን ጻፍኩ። አይሆንም። አድራሻዬን ጻፍኩ፣ ፓስወርዴን ጻፍኩ። አይሆንም።

በዚህ መሃል የመኪናው ሞተር ሲነሳ ሰማሁ።

ሮጬ ወጣሁ። ሸምሱ መሪው ላይ ነው። ጋሽ ጴጥሮስ፣ ጥበቃችን፣ አንድ እጃቸውን በሩ ላይ አድርገው ወደ ቢሮዬ ያያሉ። እሳቸው የዚህ አገር ሰው ናቸው፤ ግቢው ገና የሙዝ ማሳ ሳለ ጀምሮ ያውቁታል። እኔ ሳልናገር በር ከፍተው አያውቁም።

"ወዴት ነው?" አልኩት ሸምሱን።

"ከአዲስ አበባ ደውለው ሂድ ብለውኛል።"

"ማን ነው የደወለልህ? እኔ ዝርዝሩን አልላክሁም፣ መልስ አልመጣም!"

"እኔ ምን አውቃለሁ እህቴ፣ ሂድ አሉኝ፣ ልሂድ።"

እንግዲህ ስሙኝ። ጠዋቱን ሙሉ ማሽን ሲያንገላታኝ ቆይቷል። ቁርስ አልበላሁም። አሁን ደግሞ ያለ እኔ ኢሜይል፣ ያለ እኔ "ይውጣ"፣ ቡና ሊወጣ ነው።

ምን ባደርግ ጥሩ ነው?

መኪናው ፊት ሄጄ ቆምኩ!

አዎ። እኔ። በዚህ ቁመቴ። እጄን ዘርግቼ።

ዝናቡ ደግሞ ሲጠብቀኝ የነበረ ይመስል ያኔውኑ ወረደ። የሚዛን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ማስጠንቀቂያ የለውም። ባጃጆቹ ቆሙ። ከመንገዱ ማዶ ሙዝ የሚሸጡት ሴቶች ላስቲካቸውን እንደተከናነቡ መጥተው ከበቡን። አንዱ ልጅ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። (ቪዲዮው እጃችሁ ከገባ እባካችሁ አታጋሩት፣ ፀጉሬ ሲረጥብ እንዴት እንደሚሆን የማውቀው እኔ ነኝ።)

"ውረድ!" እላለሁ። "ይሄ ቡና አይወጣም! ይሄ ስርቆት ነው! ጋሽ ጴጥሮስ፣ በሩን ይዝጉት! ፖሊስ ይጠራ!"

ሸምሱ መስኮቱን ዝቅ አደረገ። ይጮህብኛል ብዬ ስጠብቅ ድምፁን ዝቅ አደረገው።

"ወይንሸት፣ እኔ ሌባ ነኝ?"

"ሌባ ካልሆንክ ውረድ!" አልኩት።

ስልኬን አወጣሁና ጋሽ ደምሴ ጋ ደወልኩ። ጋሽ ደምሴ የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ናቸው። ከትናንት ጀምሮ ለሥራ ጌጫ ከተማ ወጥቻለሁ ብለው ነበር። ጌጫ ስትደውሉ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ግማሽ ቃል ነው የሚደርሳችሁ።

ዛሬ ግን ጥርት ብሎ ነው የተሰማው። ከጀርባቸው የማኪያቶ ማሽን ሲያፏጭ ሳይቀር።

"ጋሽ ደምሴ፣ መኪናው ያለ ፈቃድ ሊወጣ ነው! ፊቱ ቆሜያለሁ!"

"እ... ወይንሸት፣ እ... ልቀቂው።"

"እንዴት ልልቀቀው? ኢሜይሉ ተበላሽቷል፣ ናሆም ስልኩን አጥፍቷል፣ ዋናው መሥሪያ ቤት..."

ሸምሱ በዚህ መሃል ክላክሱን በረጅሙ ነፋ። በአንድ ጆሮዬ ከመኪናው ሰማሁት። በሌላው ጆሮዬ ከስልኩ ሰማሁት።

ቀና ብዬ አየሁ። ከመንገዱ ማዶ ካለው ሆቴል በረንዳ ላይ ጋሽ ደምሴ ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ያዩኛል።

ጌጫ!

ሰው እንዲህ ሲያፍር አይቼ አላውቅም። ጃንጥላቸውን ዘርግተው፣ ጭቃውን እየዘለሉ መጡና ግማሹን ጃንጥላ እኔ ላይ አደረጉት። ከረጠብኩ በኋላ።

"አልነገሩሽም?" አሉኝ።

"ምኑን?"

"ጠዋት ልከንላታል ብለውኝ ነበር እኮ። ሁሉም ነገር በዝርዝር ተጽፎ ተልኮልሻል።"

"በምን?"

"በኢሜይል።"

ተያየን።

ዝናቡ ጃንጥላውን ይደበድባል።

"ቅርንጫፉ ተዘግቷል" አሉኝ። "ይሄ የመጨረሻው ጭነት ነው። እኔን ወደ አዲስ አበባ አዛውረውኛል። አንቺን ደግሞ... አንቺና ሌሎቹን ደግሞ... እኔ እንድነግርሽ ነበር የተፈለገው፣ አልቻልኩም። እናንተው ጻፉላት አልኳቸው።"

"ፓስወርዴስ?"

"ሌሊቱን ዘግተውታል። ለጥንቃቄ ነው አሉ።"

"ከምን ለመጠንቀቅ?"

ጫማቸውን አዩ። እኔም ጫማቸውን አየሁ። ጭቃ ብቻ ነው።

ያኔ ነው ሁሉም ነገር የተገለጠልኝ። ሳጥኗ ጠዋቱን ሙሉ እውነቱን ነበር የምትነግረኝ። ናሆም ያውቅ ነበር። "አጥፊው" ያለኝ ኢሜይሉን ለማስተካከል አይደለም፣ እንዲያጠፋ ታዝዞ ነው። ችግር እየፈታሁ መስሎኝ በገዛ ጣቴ፣ እርግጠኛ ነሽ ወይ ተብዬ ተጠይቄ፣ የስ፣ የስ እያልኩ ራሴን ከሥራ ሳራግፍ ነው ያረፈድኩት!

ስንብታቸውንም የላኩልኝ እኔ እንዳልከፍተው በዘጉት ኢሜይል ነው። ምነው በፖስታ ሣጥን ቆልፈው ቁልፉን ባሮ ወንዝ በወረወሩት!

ከመኪናው ፊት ዞር አልኩ። ሌላ ምን አደርጋለሁ?

ጋሽ ጴጥሮስ በሩን ከመክፈታቸው በፊት እንደ ሁልጊዜው እኔን አዩኝ። "ይውጣ?" አሉኝ።

"ይውጣ" አልኩ።

ሸምሱ አጠገቤ ሲደርስ ፍጥነቱን ቀነሰ። "ይቅርታ አድርግልኝ፣ ሌባ ያልኩህን" አልኩት። "ግዴለም" አለኝ። ግን ፊቱን ወደ እኔ አላዞረም። በዚያ መኪና ስንት ዓመት ሙሉ ለቤቴ ሽንኩርት ከጅማ አምጥቶልኛል መሰላችሁ።

መኪናው ወጣ። ሰዉም ተበተነ። ቪዲዮ የሚቀርጸው ልጅ እንኳ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ጋሽ ጴጥሮስ በሩን ዘጉና ወደ እኛ መጡ። ሰምተዋል። ባርኔጣቸውን አውልቀው ውሃውን አራገፉና ጋሽ ደምሴን ጠየቁ።

"እኔ ኢሜይል የለኝም። እኔን በምንድነው የሚያባርሩኝ?"

ቀልድ አልነበረም። የምራቸውን ነው የጠየቁት። ሥርዓቱ እንዲገባቸው ፈልገው ነው።

ጋሽ ደምሴ ጃንጥላቸውን ለጋሽ ጴጥሮስ ሰጥተው በዝናቡ ወደ ሆቴሉ ተመለሱ። ምናልባት መልሱ እሱ ነበር። አላውቅም።

ዕቃዬን ሰበሰብኩ። አንድ ኩባያ፣ አንድ ጥንድ የቢሮ ጫማ፣ የትከሻ ልብስ። ሰው እዚያ ቦታ ይህን ያህል ዘመን ኖሮ የሚይዘው አንድ ፌስታል ነው? እኔ በበኩሌ ሁለት ይሆናል ብዬ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ናሆም አጭር መልእክት ላከልኝ። "ወይኒዬ፣ እናቴን፣ ተገድጄ ነው። ልነግርሽ አስቤ አፌ አልታዘዝ አለኝ። እንዳትረግሚኝ።"

አልረገምኩትም። ግን አልመለስኩለትም። ነገ እመልስለት ይሆናል። እናቱ እንዴት ሆነች ብዬ እጠይቀዋለሁ።

ለባለቤቴ ደወልኩ። ቴፒ ነው የሚያስተምረው፣ ዓርብ ዓርብ ነው የሚመጣው። ሁሉንም ነገርኩት፤ መኪናውን፣ ዝናቡን፣ "ሌባ" ማለቴን። ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ "አለህ?" አልኩት።

"አለሁ" አለኝ። "ምሳ በልተሻል?"

ያኔ ነው ያለቀስኩት። እስከዚያ ድረስ አላለቀስኩም ነበር፣ ልብ በሉልኝ።

በልቻለሁ አልኩት። አልበላሁም።

ሥራ እንድፈልግ እሱው መከረኝ። "ቴፒም እኮ የቡና እርሻ አለ፣ ጸሐፊ የሚፈልግ አይጠፋም፣ ማመልከቻሽን በኢሜይል ላኪ" አለኝ።

በየትኛው ኢሜይል?

ልብ አድርጋችሁ ከሆነ የራሴ ኢሜይል የለኝም! አንድም ቀን አልነበረኝም። ለልደት መልካም ምኞት፣ ለእህቴ የሠርግ ፎቶ፣ ለሁሉም ያንኑ የቢሮውን ነበር የምጠቀመው። የእኔ መስሎኝ! ስሜ ከፊቱ ስላለ!

እናም ይኸው አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ፣ እርጥብ ፀጉሬን በፎጣ ጠቅልዬ፣ በስልኬ አዲስ ኢሜይል ልከፍት ሞከርኩ።

ስም አለኝ። ጻፍኩ። የአባት ስም አለኝ። ጻፍኩ።

ቀጥሎ የሥራ መስክ አለኝ። አለፍኩት።

ከዚያ ፓስወርድ ምረጪ አለኝ።

ምን ልምረጥ? ጭንቅላቴ ባዶ ነው። ዛሬ የማንንም ስም፣ የየትኛውንም ንጉሥ ስም ማስገባት አልፈለግሁም። ብዙ አሰብኩና የራሴን ስም ጻፍኩ። ወይንሸት። ከዚህ በኋላ ማን ይረሳዋል ብዬ።

ከሥሩ ቀይ ጽሑፍ መጣ። "በጣም ደካማ ነው" ይላል።

መጀመሪያ ስልኩን ልወረውረው ነበር። ከዚያ በቁጥር ሞከርኩት፤ "አሁንም ደካማ"። በትልቅ ፊደል ጀመርኩት፤ "መካከለኛ"። መጨረሻ ላይ የቃለ አጋኖ ምልክት ጨመርኩበት፤ አረንጓዴ ሆነና "ጠንካራ" አለኝ!

እንግዲህ ጠንካራ ነኝ። ማሽን ነው ያለኝ።

አሁን ምክራችሁን እፈልጋለሁ፤ የሥራ ማመልከቻው ቅጽ ላይ "ከቀድሞው ሥራሽ ለምን ለቀቅሽ?" የሚል ጥያቄ አለ። ምን ብዬ ልሙላው? "ፓስወርድ ረስቼ" ልበል?